ደብረ ታቦርን ያየኋት ከወጣሁ በኋላ ነው

ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ቴዎድሮስ አደባባይ፣ የሴባስቶፖል መድፍ አምሳያ ቆሟል። ሁለት ዓመት ያህል ጠዋት ጠዋት በታክሲ በአጠገቡ አልፍ ነበር። አንድ ቀን መንገዱ ተዘጋግቶ እዚያው ቆምን። ከፊቴ ሁለት ተማሪዎች ተቀምጠዋል። አንደኛው ጓደኛውን «ይሄ መድፍ የት እንደተሠራ ታውቃለህ?» አለው። «መቅደላ ነዋ» ሲል መለሰ ጓደኛው። ዝም ማለት አልቻልኩም። «ጋፋት ነው የተሠራው። ደብረ ታቦር አጠገብ። ከእኛ ቤት በእግር አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው» አልኳቸው።

ሁለቱም ዞር አሉ። «የዚያ አገር ልጅ ነህ እንዴ?»

«አዎ» ስል ድምፄ ውስጥ ኩራት ነበረ። ኩራቱ እኔኑ አስደነገጠኝ። 12ኛ ክፍልን ስጨርስ ከዚያች ከተማ ለመውጣት ቀን እየቆጠርኩ የነበርኩ ልጅ ነኝ። ጋፋት ለእኔ ከብት የሚሰማራበት መስክ ነበር። ከትምህርት ቤት ስንፎርፍ የምንደበቅበት ቦታም ነበር። አፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን ባለሙያዎችን እዚያ አስቀምጠው መድፍ እንዳስቀለጡ በክፍል ተምሬያለሁ። ግን መጽሐፉ ውስጥ ያለው ጋፋትና እኛ ጠጠር የምንወራወርበት ጋፋት አንድ ቦታ መሆኑ በልቤ ገብቶ አያውቅም። የገባኝ 600 ኪሎ ሜትር ርቄ፣ ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ ነው።

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባላል። እውነት ነው። ግን ተረቱ የሚሆነውን ነገረን እንጂ ለምን እንደሚሆን አልነገረንም። እኔን የያዘኝ ይሄ «ለምን» ነው። ምክንያቱም ነገሩ የእኔ ብቻ አይደለም። ከየትንሹ ከተማ በየዓመቱ ወጣት ይወጣል። አዲስ አበባ ይገባል፣ ባህር ዳር ይገባል፣ ዱባይና ዋሽንግተን ይገባል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ሁሉም አንድ ቃል ይናገራል፦ «የእኛ አገር እኮ…»። ከዚያ «እኮ» በኋላ የሚመጣው ምንድን ነው?

ብዙ ሰው ሲጠየቅ አየሩንና ውኃውን ይጠራል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ደብረ ታቦር ከባህር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከጉና ተራራ የሚመጣው ብርድ ጋቢ ያስደርባል። ርብና ጉማራ ከጉና ተነስተው ነው ጣና የሚገቡት። የፋርጣ ድንች ተቀቅሎ፣ ላዩ ተሰነጣጥቆ፣ ከዳጣ ጋር ሲቀርብ ሌላ ምግብ አያስመኝም። ይሄ ሁሉ ይናፍቃል። ግን ድንች አዲስ አበባም አለ። ብርድም ቢሆን እንጦጦ አለ። አየር ብቻ ቢሆን ኖሮ ናፍቆቱ በአንድ ቅዳሜና እሁድ ይወጣ ነበር።

ነገሩን የፈታልኝ አንድ ደብተር ነው። የሰፈራችን ባለሱቅ የዱቤ ደብተር።

ባለ 50 ቅጠል ተራ ደብተር ነበር። ሽፋኑ በዘይት ወዝቶ ጠቁሯል። እስክሪብቶው በክር ታስሮ ከሚዛኑ ጋር ይንጠለጠላል። ደብተሩ ውስጥ የአንድም ሰው ሙሉ ስም አልነበረም። «መምህሯ ቤት» ይላል፣ እኛ ነን። «ልብስ ሰፊው» ይላል። «ከኢየሱስ በታች ያሉት ሴትዮ» ይላል። ከሥር ስኳር ግማሽ ኪሎ፣ ክብሪት 2፣ ሳሙና 1። እናቴ ደመወዝ ስትቀበል ሄዳ ትከፍላለች፣ እሳቸውም በሁለት መስመር ይሰርዙታል። አንድ ጊዜ የመምህራን ደመወዝ ሁለት ወር ዘገየ። እናቴ እኔን ወደ ሱቅ መላክ አፈረች። ባለሱቁ ራሳቸው ስኳሩን በልጃቸው ላኩልን። ደብተሩ ላይ ግን ጽፈዋል። ውለታ መስሎ እንዳይከብዳት ነው የጻፉት። ይሄ የገባኝ አሁን ነው።

አዲስ አበባ የተከራየሁበት ሰፈር ሱቅ ግድግዳው ላይ «ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ ይምጡ» የሚል ወረቀት ለጥፏል። ባለሱቁ ክፉ ሰው አይደለም። እኔን ግን አያውቀኝም። ነገ ቤት ለቅቄ ልሄድ እችላለሁ። እናቴን አያውቃትም፣ የእናቴንም እናት አያውቅም። ባንክ ማስያዣ የሚጠይቀው በዚሁ ምክንያት ነው። የትንሽ ከተማ ባለሱቅ ማስያዣ አያስፈልገውም። ሰውየውን ራሱን፣ ከነዘሩ፣ ከነጠባዩ፣ ደመወዙ ከሚገባበት ቀን ጋር ያውቀዋል። መታወቅ እዚያ እንደ ገንዘብ ይሠራል። ስኳር ይገዛል፣ ልጅ ያስጠብቃል፣ ሲታመሙ ሐኪም ቤት ያደርሳል።

ግን ይኸው መታወቅ ነው ያኔ አላስቀምጥ ያለኝ። ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ፎርፈን ጋፋት ስንዋኝ ዋልን። ማታ ስገባ እናቴ በሩ ላይ ቆማለች። ፀጉሬ ደርቋል፣ ደብተሬን አልረሳሁም፣ ሰዓቴን ጠብቄ ነው የገባሁት። «ውኃው ቀዝቃዛ ነበር?» አለችኝ። የነገሯት እኚያው ባለሱቅ ናቸው። ያ ስኳሩን የላከው ዓይንና የኔን መንገድ የተከተለው ዓይን አንድ ዓይን ነው። አንዱን ብቻ መርጦ መውሰድ አይቻልም። በ18 ዓመቴ የታየኝ ሁለተኛው ብቻ ነበር። አሁን ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚታየኝ የመጀመሪያው ብቻ ነው። ሁለቱም ጊዜ ግማሹን ነው ያየሁት።

ከተማ ስገባ መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነው። ማንም የማን ልጅ እንደሆንኩ አይጠይቀኝም። ያሻኝን እለብሳለሁ፣ ያሻኝ ሰዓት እገባለሁ። እፎይታው ሦስት ዓመት ያህል ቆየ። ከዚያ ታይፎይድ ያዘኝ። ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ አንድ ሳምንት ተኛሁ። በር ያንኳኳ አልነበረም። ስድና ጎረቤቴን ደረጃ ላይ አገኘኋት። «ጫማህ በር ላይ ስለነበር ሰላም ነህ ብዬ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ሌሊት 11 ሰዓት ወጥታ ታክሲ የምትሰለፍ፣ ማታ 2 ሰዓት የምትገባ ሴት ናት። ጫማዬን ማየቷም ትልቅ ነገር ነው።

ጆርጅ ሲመል የሚባል ጀርመናዊ የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1903 ስለ ትልቅ ከተማ ሰው ጽፏል። በየቀኑ ከሚያገኘው ሰው ሁሉ ጋር እንደ ትንሽ ከተማ ሰው ልቡን ልክፈት ቢል የከተማ ሰው አእምሮው አይችለውም ይላል። ስለዚህ ይቆጠባል። ፊቱን ይዘጋል። የሚዘጋው ራሱን ለማዳን ነው እንጂ ንቀት አይደለም። ይሄን ሳነብ ለጎረቤቴም ለራሴም አዘንኩ። እኔም ደረጃ ላይ ሰው ሳይ ስልኬን ማየት ለምጄ ነበርና።

እንግዲህ ከ«እኮ» በኋላ የሚመጣው ይሄ ይመስለኛል። የሚናፍቀን ሳንናገር መታወቅ ነው። ከተማ ውስጥ ሰው ራሱን ያስረዳል። ለአከራይ፣ ለአለቃ፣ ለዘበኛ፣ ለአዲስ ጓደኛ ማን እንደሆነ ከዜሮ ጀምሮ ያስረዳል። ይሄ ያደክማል። ድካሙ ለዓመታት ሳይታወቀን ይጠራቀምና አንድ ቀን «የእኛ አገር እኮ» ብሎ ይወጣል።

ይሄን ሐሳቤን ለእህቴ ነገርኳት። ዱባይ ናት። በስልክ ሰማችኝና ዝም አለች። ከዚያ «አንተ የሚናፍቅህ ቀሚስህን የሚለካ ስላልነበረ ነው» አለችኝ።

ልክ ናት። እሷ 16 ዓመቷ ሳለ አንድ የክፍሏ ልጅ ከትምህርት ቤት እስከ ሰፈር አብሯት ሄደ። ቡናው ላይ ወሬው ተነሳ። በሳምንቱ ከአባታችን ዘመዶች «ትዳር ትያዝ» የሚሉ ሽማግሌዎች መጡ። ሕጉ 18 ዓመት እንደሚል ሁሉም ያውቃል። ወሬ ግን ከሕግ ይቀድማል። እናታችን እምቢ አለች፣ ብቻዋን እምቢ አለች፣ ለአንድ ዓመት ያህል ከአንዳንድ ዘመድ ጋር ሳትነጋገር ቆየች። እህቴ ከዚያች ከተማ የወጣችው ለሥራ ብቻ አይደለም። ለመተንፈስ ነው የወጣችው። ስለ ትንሽ ከተማ ፍቅር የሚጻፍ ጽሑፍ ይሄን ከዘለለ ውሸት ይሆናል። መታወቅ ለወንድ ልጅና ለሴት ልጅ እኩል አይመዘንም። ድሃ ለሆነ፣ አካሉ ለተጎዳ፣ ቤተሰቡ በሆነ ነገር ለተጠራ ሰው ደግሞ ከዚህም ይከብዳል።

ሆኖም እህቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና በሚፈላበት ሰዓት ትደውላለች። ስልኩን ሙቀጫው አጠገብ አስቀምጡልኝ ትላለች። «ወሬውን አልፈልግም። ድምፁን ነው የምፈልገው» ትላለች። ቡናው ተወቅጦ እስኪያልቅ ትሰማለች።

እዚህ ላይ ስለ ትዝታ ጠባይ አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። የማስታወስ ጥናት ባለሙያዎች ደጋግመው ያገኙት ነገር አለ። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ከሕይወታቸው አጥርተው የሚያስታውሱት ከ10 እስከ 30 ዓመት ባለው ዕድሜ የሆነውን ነው። የመጀመሪያው ፍቅር፣ የመጀመሪያው ጓደኛ፣ የመጀመሪያው ሽንፈት ያለው እዚያ ነውና። ሽታ ደግሞ አንጎላችን ውስጥ ስሜትና ትውስታ ወደሚያዙበት ቦታ በአጭር መንገድ ይደርሳል። ስለዚህ ከተማዋን ስናስታውስ በከፊል የምናስታውሰው የራሳችንን ልጅነት ነው። እኔ ለምሳሌ ነሐሴ ሲጋመስ አላስችል ይለኛል። «ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት» እንደሚባለው፣ በዓሉ ዝናቡን የሚሸኝ ነው። የከተማችን ስም የመጣው በዓሉ ከሚታሰብበት ከታቦር ተራራ ስለሆነ ነሐሴ 13 የእኛ ቀን ይመስለን ነበር። ጅራፍ ለመግመድ ሳምንት ሙሉ እንዳክራለን። ሆያ ሆዬ ብለን የምንቀበለው ሙልሙል ትኩስ ነው፣ ቅጠሉ ከሥሩ ተጣብቆ ይመጣል። የዚያን ቅጠል ሽታ ዳቦ ቤት በር ላይ አግኝቼው ቆሜ ቀርቻለሁ።

ግን «ልጅነትህን ነው የናፈቅከው» ብሎ ነገሩን መዝጋት ልክ አይመስለኝም። ልጅነትን ማንም መመለስ አይችልም። የዱቤ ደብተሩ፣ እድሩ፣ ቡናው ግን አሁንም አሉ። ሰዎች በየቀኑ እየሠሩ የሚያቆዩዋቸው ነገሮች ናቸው። ከሩቅ ሆነን ስንናፍቅ የምንረሳው ይሄን ሥራ ነው።

ወደ መድፉ ልመለስ። ደብረ ታቦር ከቴዎድሮስ በፊትም የየጁ ራሶች፣ የእነ ራስ ጉግሳና የእነ ራስ አሊ መቀመጫ ነበረች። ቴዎድሮስ ትልቁን መድፍ እዚያ አስቀለጡ። ክብደቱ 70 ኩንታል ገደማ ነው። በ1860 ዓ.ም መጀመሪያ ላይ ከተማዋን አቃጥለው፣ መድፉን በሰው ጉልበት እያስጎተቱ፣ መንገድ እያስቀደዱ ወደ መቅደላ ሄዱ። ወራት ፈጀባቸው። መድፉ ዛሬም መቅደላ ነው፣ አምሳያው አዲስ አበባ ነው፣ ጋፋት ላይ የቀረው ታሪኩ ነው። ይሄን ሳስብ የከተማዋ ልጆች ትዝ ይሉኛል። እዚያ ይቀለጣሉ፣ ሌላ ቦታ ይቆማሉ።

አንድ ልጅ 18 ዓመት እስኪሞላው ያሳደገችው ትንሿ ከተማ ናት። አስተምራዋለች፣ አስከትባዋለች፣ ሲታመም ተሸክማዋለች። መሥራት በሚችልበት ዓመት ትልቁ ከተማ ይረከበዋል። ደብረ ታቦር ከ2004 ዓ.ም ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ አላት። ከመላው አገር ልጆች ይመጡባታል። የራሷ ልጆች ግን በምደባ ወደ ሌላ ይሄዳሉ። እኔን ጅማ ደርሶኝ ነበር። (ከጅማ መጥቶ ደብረ ታቦር የተማረ ሰው አውቃለሁ። የኛን ድንች ከእኔ በላይ ይናፍቃል።) መሄዱ ጥፋት የለውም። ሥራ ወዳለበት መሄድ የሰው መብት ነው። ችግሩ መሄዱ አንድ አቅጣጫ ብቻ ሲኖረው ነው። በመጨረሻ ስሄድ የእድሩን ድንኳን ሲተክሉ ያየሁት ከ50 ዓመት በላይ የሆናቸውን አባቶች ነው። ቋሚውን የሚያነሳ ጎረምሳ አጥተው ሁለት የባጃጅ ሾፌሮች ለምነው አመጡ።

በዚህ ረገድ ጉራጌዎችን አደንቃለሁ። ናፍቆትን ለስሜት ብቻ አልተዉትም፣ ቀን ቆርጠውለታል። መስከረም 17 መስቀል ነው። ከአዲስ አበባ የቻለ ሁሉ ይወጣል፣ ነጋዴው ሱቁን ዘግቶ ይሄዳል። አባት የሚመርቀው፣ የተጣላ የሚታረቀው፣ የሚያገባ የሚተጫጨው በዚያ ሰሞን ነው። ገና በ1950ዎቹ ዓ.ም አዲስ አበባ ያሉ ተወላጆች ገንዘብ እያዋጡ ወደ አገራቸው የሚወስድ መንገድ የሚያሠራ ማኅበር አቋቁመዋል። ነገሩን ልብ ካልነው ጥልቅ ነው። «አገሬ ናፈቀኝ» ከማለት አልፈው መመለሻውን ራሳቸው ሠሩ። ልጁም የሚያድገው በየዓመቱ እየተወሰደ፣ የአያቱን ደጅ እያየ ነው። ፍቅሩ ከትውስታ ብቻ አይመነጭም፣ በየዓመቱ ይታደሳል። የእኛ የደብረ ታቦር ልጆች ቡሄን የሚያህል በዓል እያለን እንደዚያ አላደረግነውም። ይቆጨኛል።

አሁን ደግሞ ማድረግ የሚፈልገውም አልቻለም። በነሐሴ 2013፣ በዚያው በቡሄ ሰሞን፣ ከተማዋ ላይ ከባድ መሣሪያ ወድቆ የአንድ ቤት ሰዎች አለቁ። ዜናውን አዲስ አበባ ሆኜ ስሰማ እናቴን ለማግኘት ስንት ጊዜ እንደደወልኩ አላስታውስም። ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በክልሉ በተነሳው ግጭት መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። ኢንተርኔቱ ለወራት ጠፍቶ ነበር። ድሮ «የሚቀጥለው ወር እሄዳለሁ» እያልን ስናራዝመው የነበረው ጉዞ አሁን መሄድ ስንፈልግ እንቢ አለን። መንገዱ ክፍት በነበረባቸው ዓመታት ስንት ቡሄ እንዳሳለፍኩ ቆጥሬ አፍሬያለሁ።

ባለፈው ጥር ተሳካልኝ። እስከ ባህር ዳር በአውሮፕላን፣ ከዚያ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ በመኪና። ወረታ ላይ ወደ ቀኝ ታጥፈን ዳገቱን ስንጀምር ብርዱ በመስኮት ገባ። ቤት ሳልደርስ ለእናቴ ስኳር ልግዛ ብዬ ወደዚያው ሱቅ ጎራ አልኩ። ባንኮኒው ላይ የማላውቀው ወጣት ተቀምጧል። ስልኩን እያየ «ምን ልስጥህ?» አለኝ። ቀጥሎ ሻንጣዬን አየና «ከየት ነው የመጣኸው?» አለ። በገዛ ሰፈሬ።

«የመምህሯ ልጅ ነኝ» አልኩት።

«የትኛዋ መምህር?»

ከመጋረጃው ጀርባ የሴት ድምፅ ተሰማ። «ይሄ የመምህሯ ልጅ ድምፅ ነው!» የባለሱቁ ባለቤት ናቸው። ወጥተው አገላብጠው ሳሙኝ። ከዚያ እጄን እንደያዙ «የኛን ሰውዬ ሰማህ አይደል?» አሉኝ። አልሰማሁም ነበር። ባለሱቁ በሰኔ አርፈዋል። ስልክ በተቋረጠባቸው ቀናት ነው። ሚዛኑ ቦታው ላይ ነው። እስክሪብቶው አሁንም በክር ታስሯል።

እዚያው ኬሻ ላይ ተቀመጥኩ። ሴትዮዋ ሌሎቹንም ቆጠሩልኝ፣ ማን በጾም፣ ማን በክረምት እንዳረፈ። አምስት ቤት ለቅሶ አልደረስኩም።

በማግስቱ እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ከፊት ከፊት መራችኝ። በየቤቱ ገባን፣ ተቀመጥን፣ ቆሎ ቀመስን፣ ተነሳን። መጨረሻ ላይ ከኢየሱስ በታች ያሉት ሴትዮ ቤት ደረስን። ልጃቸውን አጥተዋል። ዓይናቸው ደክሟል። በሩ ላይ ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ግንባሬን፣ ጉንጬን፣ አገጬን ዳሰሱና «የማን ልጅ ነህ?» አሉኝ። እናቴ ልትመልስ አፏን ስትከፍት ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ።

«ተይው፣ እሱ ራሱ ይንገረኝ።»